የግድቡ ቀይ እግር

«ገብሱ የየት ነው?»

«የእብናት።»

«እኔ የጋይንቱን ነበር የምፈልገው።»

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ሠናይት ደብረ ታቦር ገበያ መሀል፣ ከጆንያው ፊት ቁጢጥ ብላ እጇን ገብሱ ውስጥ ከተተች። የግድቡ ስሌት የተቀዳበት ፍላሽ መዳፏ ውስጥ ነው። ጋቢ ተከናንቦ ገብስ ሻጭ የመሰለው ዘውዱ ለሁለት ዓመት ምሥጢሯን ለአለቆቿ ሲያደርስ የኖረ ሰው ነው። እሱ «ሸማኔ» ይባላል፤ እሷ «መርፌ»።

«ቀዩም አለበት?» አላት በሹክሹክታ።

እጇ ጆንያው ውስጥ ደረቀ።

ስለ ቀዩ ለማንም አልተነፈሰችም።

ሠናይት በግድብ ተቋራጩ ቢሮ የሥዕል ሠራተኛ ተብላ ነው የተቀጠረችው። ኮምፒውተሩ ግድቡን አርባ ሺህ ቁራጭ አድርጎ፣ እያንዳንዱ የሚሸከመውን ጫና አስልቶ በቀለም ያሳያል። ሰማያዊ ደህና ነው፤ ቀይ አይችልም። የግድቡ እግር ደም መስሎ ነበር። ዋና መሐንዲሱ ታምራት ግድቡን ከማጠንከር ይልቅ የቀለሙን መለኪያ ጣሪያ አሥር እጥፍ ሰቀለው። ቁጥሩ አልተነካም፤ ቀዩ ግን ሰማያዊ ሆኖ ቁጭ አለ። ከግድቡ በታች ሦስት መቶ አባወራ አለ። ውኃው ነገ ጠዋት ይገባል።

ያን ቀይ ያዩት እሷና ታምራት ብቻ ናቸው። ዘውዱ ተሽጧል።

«አለበት» አለች ተረጋግታ። «ከታች ነው። ሰው ሲቀንስ አውጣው።»

ፍላሹን እንደጨበጠች ተነሣች። እስኪ አንድ ኩንታል ገብስ ይበርብር።

ግድቡ ለመንደሩ የሚገለጽበት አዳራሽ ሲሞላ ደረሰች። የመንደሩ ሽማግሌዎችና ከባሕር ዳር የመጡት ተቆጣጣሪ ፊት ተቀምጠዋል። ላፕቶፑን የያዘችው የሥራ ባልደረባዋ ፍቅርተ ናት፤ ሠናይትን ታይፎይድ ሲጥላት ሁለት ሳምንት ያስታመመቻት ልጅ።

«ፍቅር፣ አንዴ ስጪኝ። ሥዕሉ ደብዝዟል ተብሏል።»

«እንኪ። እኔ ወንበር ላስጨምር።»

መለኪያውን ወደ ቦታው ለመመለስ አንድ ጠቅታ በቃ። ላፕቶፑን ዘግታ መለሰችላት። ጣጣው በፍቅርተ ላይ እንደሚወድቅ አሳምራ ታውቅ ነበር።

ታምራት ጀርባውን ለስክሪኑ ሰጥቶ ደረቱን ነፋ። «እንደምታዩት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማያዊ ነው።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«ልጄ» አሉ አያ ጌጡ የሚባሉት ሽማግሌ፣ «እኛ የምናየው ቀይ ነው።»

ታምራት ዞረ። ፊቱ አመድ ሆነ። «ስህተት ነው! ዝጊው!»

«አትዝጊው» አሉ ተቆጣጣሪው። «ቀይ ምን ማለት ነው? ልጅቷ ትመልስ።»

ፍቅርተ ውሸት አልለመደባትም። «ውኃው ሲሞላ እግሩ አይችልም ማለት ነው። ይሰነጠቃል።»

«እንግዲያው ነገ ውኃ አይገባም።»

ሠናይት በሩ ላይ ዘውዱን አየችው። ጋቢው ገለባ ለብሷል። ሁለት ሰዎች አስከትሏል።

በጓሮ ወጣች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ለአለቃዋ ደወለች። «መርፌ ነኝ። ሸማኔ ከድቷል። ግድቡ ቆሟል።»

«አሁኑኑ ከከተማው ውጪ።»

«ፖሊሶች ፍቅርተን ግብረ አበሬ ናት ብለው አስረዋታል። ምንም አታውቅም።»

«እሷ እንድትፈታ አንቺ ቀርበሽ መናገር አለብሽ። አንቺ ደግሞ በማንም መዝገብ የለሽም።»

ስልኩ ተዘጋ። ሠናይት አለቃዋን ጠላችው። ከእሱ ይልቅ ራሷን ጠላች።

ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ በወረታ ሚኒባስ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። መኪናው ፖሊስ ጣቢያው ጋ ሲደርስ ቀስ አለ። የፍቅርተ እናት ስንቅ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ዘበኛውን ይለምናሉ።

«ወራጅ አለ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት።



አላለችም።