የሎል ሁለት ፍች

ተርጓሚዋ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ወድቃ ሞታ የተገኘችው በጠዋት ነው። ባሏ ሰዓት ሠሪው፣ እሱ ሱቁ ሳለ ልብስ ስታሰጣ አዳልጧት ይሆናል አለ። ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ግን በረንዳው ላይ የነበረውን ሳፋ ጎንበስ ብላ አየችው። ልብሱ ደረቅ ነው፤ አንገትጌው ላይ እድፍ አለ። ያልታጠበ ልብስ የሚያሰጣ የለም፤ ሳፋውን ሰው አምጥቶ ነው ያስቀመጠው።

በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ የነበራቸው ባሏ፣ አብራቸው የምትኖረው ታናሽ እህቷና ጠዋት ጠዋት እየመጣ አብሯት የሚሠራው የጽሑፍ አራሚ ናቸው። እህትየው የእህቷ ባል ሰሞኑን ፊቱ እንደማይፈታ ተናገረች። አራሚው፣ ተርጓሚዋ ያገኘችውን አስቂኝ ነገር ሁሉ በስልክ እንደምትጽፍለት አልደበቀም። ባል የሚስቱን ስልክ ነክቶ እንደማያውቅ ማለ።

መርፌ ስልኩን አስከፍታ አንብባው ነበር፤ ያየችውን ግን ለማንም አልተናገረችም። ሦስቱንም ለየብቻ «ሎል» ማለት ምን እንደሆነ ጠየቀቻቸው። እህትና አራሚው ሳቅ ነው አሉ። ሰዓት ሠሪው ፊቱ ጠቆረ።

«ባለትዳር ሴት ለባዕድ ወንድ የማትጽፈው ነገር ነው» አለ።

ከሰዓት በኋላ ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ናቸው» አለች። «ድሮ በደብዳቤ መጨረሻ ሲጻፉ ‹ብዙ ፍቅር› ማለት ነበሩ። በኮምፒውተር መጻጻፍ ሲመጣ ግን ‹ጮክ ብዬ ሳቅሁ› ሆኑ። እርስዎ የሚያውቁት የድሮውን ነው።»

«እናቴ ውጭ አገር ሆና ስትጽፍልኝ የምትጨርሰው በሱ ነበር» አለ ሰዓት ሠሪው።

«እኔ የጠየቅሁዎት ፍቺውን ብቻ ነው። ስለ ሴትም ስለ ወንድም አላነሳሁም። ስልኳን ካልነኩ ለሌላ ወንድ እንደጻፈችው በምን አወቁ?»

ሰዓት ሠሪው አንገቱን ደፍቶ፣ ተኝታ ሳለ በጣቷ ስልኳን እየከፈተ ያነብ እንደነበር ተናገረ። ለእሱ አንድ ቀን እንኳ ያልጻፈችውን ቃል ለዚያ ሰው በየቀኑ ስትጽፍ እያየ ከርሟል።

«ጠዋት በረንዳው ላይ ቃሉ ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። ገፋኋት።»

እህትየው ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። መርፌ ለአራሚው የተላከውን የመጨረሻ መልእክት አነበበች፦ «የሰውን ሰዓት ሁሉ የሚያስተካክለው ባሌ የኔን ሲጠግን እንዲቀድም አደረገው። ቅር እንዳይለው ዝም ብዬ እጄ ላይ አደርገዋለሁ። ሎል።»

ሰዓት ሠሪው ሰዓቱ የት እንዳለ ጠየቀ።

«እጇ ላይ ነው» አለችው መርፌ። «አሁንም ይሠራል።»