በአርጆ መንገድ የቆመችው መኪና

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር፣ በወይዘሮ፣ በአገሬው አጠራር በአዴ በቀለች ግቢ ውስጥ አንዲት ትንሽ ነጭ መኪና ትቆም ነበር። ሰፈርተኛው በአጠገቧ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሰው ይዛ ወጥታ ባዶዋን የተመለሰች መኪና ናትና።

ይዟት የወጣው የአዴ በቀለች አንድ ልጅ ሮብሳን ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከእጮኛው ከሶረቲ ጋር ሊጋቡ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ፣ ለሠርጉ ዘመድ ሊጠራ አርጆ ሄደ። ሲመለስ ከመንገድ ደወለላት።

«ሶረቲ፣ ዳገቱን እንደወጣሁ መኪናዋ ቀጥ አለችብኝ። አልነሣ ብላለች። ዝናቡ ሳይጥል እስከሚቀጥለው መንደር በእግሬ ልሂድና ሰው ልፈልግ።»

ከዚያ በኋላ ስልኩ አልሠራም። እሱም አልተመለሰም።

በማግስቱ ጠዋት አጎቱ ኦቦ መገርሳ ትርፉን ቁልፍ ይዘው ሄዱ። መኪናዋ መንገድ ዳር ተቆልፋ ቆማለች። ቁልፉን ሲያዞሩት ወዲያው ተነሣች፤ በቀዝቃዛው አየር እየነዱ ያለ አንዳች ችግር ከተማ ገቡ። ሮብሳን ተፈለገ፣ ለፖሊስ ተነገረ፣ ሸለቆው ሁሉ ታሰሰ፤ ዱካው እንኳን አልተገኘም።

ያኔ ወሬው ተነሣ። «መኪናዋ ደህና ናት። ልጁ ሠርጉን ፈርቶ ነው የጠፋው» ተባለ። አንዱ ሞያሌ አየሁት አለ፤ ሌላው ሱዳን ተሻግሯል አለ።

አዴ በቀለች ወሬውን አመኑ፤ ማመንም ፈለጉ። የጠፋ ይመለሳል፣ የሞተ ግን አይመለስም። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ሊያጽናና የመጣውንም ሰው ከበር መለሱት።

ሶረቲ መካከል ላይ ቀረች። እንደ ሟች እጮኛ ጥቁር አልለበሰችም፤ እንደ ተከዳች ሴት ረግማ አልተወችውም። አባትና እናቷ በልጅነቷ ስለሞቱባት አዴ በቀለችን «ሃርሜ» ብላ፣ እናቴ ብላ ነው የምትጠራቸው። እሑድ እሑድ ከቸርች መልስ ትመጣና ባትሪው እንዳይሞት ሞተሩን ታስነሣዋለች። ሁልጊዜም ይነሣል። በተነሣ ቁጥር ልቧ «ዋሽቶሻል» ይላታል። ከተኛች በኋላ ደግሞ የሮብሳን ድምፅ ይመጣል፤ «አልነሣ ብላለች» እያለ፣ እንደሚለማመጥ ሰው።

ጂሩ፣ ሶረቲ በነርስነት በምትሠራበት ጤና ጣቢያ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። የራሱን መኪና ራሱ የሚጠግን፣ ዝምተኛ ሰው። ሻይ ሲጠጡ አጠገቧ ይቀመጣል። ሳታየው ያያታል፤ ስታየው ወደ ብርጭቆው ያቀረቅራል። አንድ ቀን «ሰው እንደምትጠብቂ አውቃለሁ። እኔም እጠብቃለሁ» አላት። እሷም ተነሥታ አልሄደችም።

በሦስተኛው ዓመት ሶረቲ በሥራ ወደ ሲሬ ከተማ ተዛወረች። አዴ በቀለች «ልጄ እስኪመጣ ያዣት» ብለው የመኪናዋን ቁልፍ ሰጧት። ብቻዋን መንዳት ስለፈራች ጂሩ አብሯት ሄደ። ሲሬ የሚከራይ ቤት አይተው እኩለ ቀን ላይ ሲመለሱ ፀሐዩ ያቃጥል ነበር። አንዱን ዳገት ጨርሰው ሜዳውን ሲይዙ ሞተሩ ጸጥ አለ።

ሶረቲ መኪናዋን ዳር አስያዘች። ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሩ ይዞራል እንጂ አይነሣም።

«ከኋላ ማን አለ?» አለች በሹክሹክታ።

ጂሩ ዞሮ አየ። የኋላው ወንበር ባዶ ነው። «ማንም የለም።»

«ተነፈሰ እኮ። ሰማሁት።»

አልሳቀባትም። በሩን ከፍቶ ነፋስ አስገባና «ንገሪኝ» አላት።

የዚያን ስልክ እያንዳንዷን ቃል ነገረችው። ተናግራ ስትጨርስ ብዙ ቆይተው ነበር። ቁልፉን ደግማ አዞረች። ተነሣ። ሶረቲ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች።

ጂሩ ወርዶ ኮፈኑን በእጁ ዳሰሰ። «ቅዳሜ አዴ በቀለች ግቢ ውስጥ እንፍታት» አለ። «የጠረጠርኩት ነገር አለ።»

ቅዳሜ ጠዋት አዲስ ዕቃ ገዝቶ መጣ። የባትሪውን ገመድ ነቀለ፤ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ በወፍራም ግንድ ደገፋት፤ ካርቶን አንጥፎ ከሥሯ ተንጋለለ። ሶረቲ መፍቻ ታቀብለዋለች። አዴ በቀለች በረንዳው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ከሞተሩ ጎን የተሰካ የሽቦ ሶኬት ደርቆ አልላቀቅ ብሎ ቆየ። ኋላ አንዲት ብሎን ፈትቶ፣ ግራ ቀኝ እያወዛወዘ፣ አውራ ጣት የምታክል ጥቁር ነገር መዝዞ አወጣ።

«ክራንክ ሴንሰር ነው» አላት። «ሞተሩ መዞሩን የሚናገረው እሱ ነው። እሱ ዝም ሲል መኪናዋም ትቆማለች።»

የአዲሱን የጎማ ቀለበት ዘይት ቀባ፣ ገጠመው፣ ብሎኑን አጠበቀ፣ ሶኬቱን ቀጭ እስኪል ገፋው። ከዚያ አሮጌውን ይዞ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

«አዴ በቀለች፣ ትኩስ ውሃ ይሰጡኛል?»

ኤሌክትሪክ የሚለካበትን የቴስተሩን ሽቦዎች አሮጌው ሴንሰር ላይ አስነካ፤ መስኮቱ ላይ ቁጥር ታየ። ሴንሰሩን ከነሽቦዎቹ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ከሚጨስ ውሃ ውስጥ ነከረው። ቁጥሩ ጥቂት ቆየና ጠፋ። አውጥቶ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። ተመልሶ መጣ።

«ሲሞቅ ይሞታል፤ ሲበርድ ይነሣል» አለ ጂሩ። «ኦቦ መገርሳ ያገኟት አድራ በርዳ ነው። አንቺም እዚህ የምታስነሺያት ለትንሽ ጊዜ ስለሆነ አትግልም።»

«ምን እያልከኝ ነው?»

«ሮብሳን አልዋሸሽም እያልኩሽ ነው። በእርግጥ ቆማበታለች። ሰው ሊፈልግ ወረደ፤ ሊመለስ ነበር።»

ሶረቲ መሬት ላይ ተቀመጠች። «እዚያው መኪናው ውስጥ ቢጠብቅ ኖሮ፣ ሲበርድ ትነሣለት ነበር?»

ጂሩ ወርዶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

አዴ በቀለች ቴስተሩን ትኩር ብለው አዩ። «እንግዲያ ልጄ ሞቷል» አሉ በኦሮምኛ፣ ቀስ ብለው። ተነሡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ። «መገርሳን ጥሩልኝ። ድንኳን ይተከል።»

ጂሩ ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ ሶረቲ በሩ ላይ ደረሰችበት።

«ባትነግረኝ ትችል ነበር» አለችው። «እንደከዳኝ ባምን ለአንተ ይቀልህ ነበር።»

«ይቀለኝ ነበር። ግን ዕድሜሽን ሙሉ ስትጠራጠሪው እያየሁ እንዴት አብሬሽ እኖራለሁ?»

ሶረቲ በሩን ከፍታ አሳለፈችው።

ለቅሶው ዘግይቶ መጥቶ እንደ ትኩስ ሆነ። ሶረቲ ጥቁር ለበሰች። ጂሩ ከወንዶቹ ጋር ተቀምጦ ቆየ፤ ወደ እሷ አልቀረበም። ለቅሶው ካበቃ በኋላ አንድ ጠዋት ሶረቲ አዴ በቀለችን በዚያችው መኪና አሳፍራ የአርጆን መንገድ ያዘች። ዳገቱ አናት ላይ ወረዱ። እናትየው ወደ ሸለቆው ዞረው የልጃቸውን ስም ጠሩ። ገደሉ ስሙን እያሳሳ መለሰላቸው። ደግመው ጠሩ፤ ደግሞ መለሰ። ሶረቲ ክንዳቸውን ይዛ ገደሉ ዝም እስኪል ጠበቀች።

የሀዘን ልብሷን ያወለቀችው ክረምትና በጋ አልፎ ነው። በዚያው ሳምንት ጂሩን ሲሬ መናኸሪያ አገኘችው። አገኘችው ማለት እንኳን አይቻልም፤ ለሥራ ወደዚያ እንደሚመጣ ሰምታ ልትፈልገው ነው የሄደችው።

«ጥበቃህ አልሰለቸህም?»

«አልሰለቸኝም።»

«አንዳንድ ሌሊት አሁንም ስሙን እጠራለሁ። ይህን አውቀህ ግባ።»

«አውቃለሁ» አላት። «ስትጠሪው እነቃለሁ፤ አብሬሽ እቀመጣለሁ።»

ዓይኑን ወደ መሬት አላወረደም። እሷም አላወረደችም። አውቶቡሱ ጥሩንባ ነፍቶ እስኪያልፍ ድረስ እንደዚያው ቆሙ።

«ሽማግሌ ላክ» አለችው።

«ወዴት?»

«ወደ ሃርሜ።»

ሽማግሌዎቹ ቅዳሜ ጠዋት መጡ። ሶረቲ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማለች። የጂሩ አጎት ኦቦ ሞረዳ እንደ ወጉ ተነሥተው ልጅቷን ለጂሩ ጠየቁ። አዴ በቀለች ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ልጄን መንገዱ ሳይጠይቀኝ ወሰደው» አሉ። «እናንተ ግን ቤቴ መጥታችሁ፣ ቆማችሁ ጠይቃችሁኛል። ልጄን ሰጥቻለሁ።»