የፍየል ልጅ

«የመጨረሻዋን ስላይድ እዪልኝ» አለች ኤልሳ፣ ላፕቶፑን ወደ ሩሃማ ገፋ አድርጋ። «ያንቺ ናት።»

ሩሃማ አየችና ክው አለች። በትልቁ «ግልገሌ፦ በአማርኛ ንግሥቴ ማለት ነው» ይላል።

ውሸቱ የራሷ ነው። ባለፈው ወር አባቷ ክፍሌ ከኤርፖርት ሥራው በቀጥታ መጥቶ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሬክስዴል ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ «ግልገሌ!» ብሎ ሲጣራ፣ ኤልሳ ትርጉሙን ጠየቀቻት። አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት «የፍየል ልጅ» ትበል? «ንግሥቴ» ብላ ተገላገለች። ከዚያ ወዲህ አባቷ የሚጠብቃት፣ እሷው ለምናው፣ ከመንገዱ ማዶ ፋርማሲው ጋ ነው። ለምን ብሎ እንኳ አልጠየቃትም፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አንጀቷን ይበላዋል።

አሁን ኤልሳ ልጆች ቤታቸው ስለሚጠሩባቸው የቁልምጫ ስሞች ክፍል ፊት ልታቀርብ ነው። አማርኛ የሚችለው ዙበይር ደግሞ ከፊት ወንበር ይቀመጣል፤ ሰው ላይ ለመሳቅ ማን ብሎት! እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የሩሃማ ግን እስኪያድር አልጠበቀም፣ ከምሳ በኋላ ሊጠራ ነው።

«የኔንስ አየሽው?» ኤልሳ ሳቀች። «ስዊድን ያለችው አያቴ ‹ሺሊንግ› ትለኛለች፤ የፍየል ልጅ ማለት ነው። ሲጻፍ ግን እንግሊዝኛ አንባቢ ‹ኪሊንግ› ነው የሚለው፣ ግድያ! የልደት ካርዴን ያየ ሁሉ ደንግጧል።»

«አታፍሪም?»

«በምኑ? በእንግሊዝኛ ልጅ ለማለት ሁላችንንም ‹ኪድ› ይሉን የለ? እሱም ከጥንት ስካንዲኔቪያኖች የመጣ ቃል ነው። የፍየል ልጅ ማለት ነበር። ያንቺ ብቻ ነው ንግሥት። ቆይ፣ አባትሽ ለምን መምጣት ተወ? ሲጠራሽ እኮ ደስ ይለኝ ነበር።»

ሩሃማ ላፕቶፑን ሳበችና «ንግሥቴ» የሚለውን አጠፋችው።

«ዋሽቼሻለሁ። ግልገል ያው የአያትሽ ሺሊንግ ነው።»

«አትቀልጂ! ክፍሉን ልታስቂብኝ ነበር?»

«ነበር። ይቅርታ፣ ኤልሲ።»

ኤልሳ አኩርፋ ላፕቶፑን ወደ ራሷ መለሰችው። ከዚያ «ግልገሌ»ን አንስታ ከአያቷ ቃል ጎን ለጠፈችው።

የሩሃማ ስልክ ጮኸ። አባቷ ነው።

«ግልገሌ፣ ዛሬም ፋርማሲው ጋ ነው?»

«አይ አባዬ፣ በሩ ጋ ጠብቀኝ» አለች። «ስወጣ ደግሞ ጮክ ብለህ ጥራኝ።»