መርዝ ያልቀመሰው ሰባተኛ

ዘንዶው ጉምራክ የአርጎዳ አገርን የውኃ ዕንቁ ሰርቆ በዋጠ ማግስት ወንዞች ነጠፉ፤ ላሞች አፈር ላሱ። ሕዝቡ ግን የጥንቱን ትንቢት አልረሳም፦ «ስድስት ትውልድ መርዝ ይልመድ፤ ሰባተኛው ዕንቁዋን ከጉሮሮው ያወጣታል።»

ዘንዶው ገና ሳይመጣ፣ ለዚሁ በተመረጠ አንድ ቤተሰብ ስድስት ትውልድ ከሕፃንነቱ ጀምሮ የእባብ መርዝ በጠብታ ቀምሷል። ሰባተኛው አውጋድ ግን «በደሙ አለለት» ተብሎ በማርና በወተት አደገ፤ ለትምህርትም ባሕር ማዶ ተላከ። ተጠርቶ ሲመለስ አገሩ በእልልታ ተቀበለው። እሱ ግን ፈርቶ ነበር።

ወደ ዘንዶው ዋሻ የተከተለችው አክስቱ ሶርያት ብቻ ናት፤ ከመርዝ ቀማሾቹ የተረፈች የመጨረሻዋ።

«አክስቴ፣ ጆሮዋን የተቆረጠች ውሻ ባለ ጆሮ ቡችላ ነው የምትወልደው። መርዙን የለመደው የእናንተ ገላ ነው፤ የኔ አይደለም።»

«ቡችላ እንድትቆጥር ነው እንዴ ባሕር ማዶ የላክንህ?» ብላ ሳቀች። «ታዲያ ለምን መጣህ?»

«ሰው ጠምቶታላ!»

ሳቋን አቆመች። «እዚያ ስለ እባብስ ምን አስተማሩህ?»

«አንዴ አጥብቆ ከነከሰ መርዙ ያልቃል። የተነከሰው ግን ወዲያው ይወድቃል።»

«እኔ ወዲያው አልወድቅም።»

«ትንቢቱ ሰባተኛው ይላል!»

«ሰባተኛው ያውጣት አለ እንጂ ማን ይነከስ መች አለ?» ቀኝ እጇን አነሣች። «አባቶቼ በጠጡት መርዝ እምላለሁ፤ የዘንዶውን አፍ ሳልከፍት አልወድቅም!»

ጉምራክ ከዋሻው ተራራ የሚያህል አንገቱን መዘዘ። ሶርያት ትከሻዋን ሰጠችው። ጥርሱ ገባ፤ መርዙ እንደ ጎርፍ ወረደባት። እሷ ግን ሁለቱን መንጋጋዎች ፈልቅቃ ቆመች።

«በል እንጂ፣ ልጄ!»

አውጋድ ክንዱን እስከ ብብቱ ሰደደ። ጥርሱ ሥጋውን ዘለዘለው፤ መርዝ ግን አልነበረውም። ዕንቁዋን ሲመነጭቃት ዘንዶው ተሰነጠቀ፤ ከዋሻው ወንዝ ፈነዳ። ሶርያት አንድ እፍኝ ጠጥታ፣ ፈገግ እንዳለች አረፈች።

ከዓመታት በኋላ ሕዝቡ የአውጋድን ልጅ ሊያይ ተሰበሰበ። አውጋድ የመርዝ ጠብታ ምላሷ ላይ ሲያኖር ሕፃኗ በጩኸት ቀለጠች፤ ከንፈሯ አበጠ።

«ስምንተኛዋ እኮ ናት!» አሉ ሽማግሌዎቹ ደንግጠው።

«አዎ፤ እንደ ልጆቻችሁ ናት» አለና አውጋድ በደስታ ሳቀ። «እንግዲያው ሌላ ዘንዶ ሳይመጣ ልጆቻችሁንም አምጧቸው፤ ሁሉም ይልመዱ።»

እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ከአደባባዩ እስከ ወንዙ ተሰለፉ። ሕፃናቱ በየተራ አለቀሱ፤ እናቶቹም ሶርያት፣ ሶርያት እያሉ ዘፈኑ።