መስቀል የተደረገባቸው ቃላት

ጂን፣ ዛር፣ ጥላ ምናምን ሲባል ከት ብዬ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ዛሬም እስቃለሁ፣ የሆነውን ግን ልንገርህ፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የሆነው፣ ሕልም ነው እንዳትለኝ።

በደርግ ጊዜ ውጫሌ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሽፋኑ የተገነጠለ አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ነበር፣ እንግሊዞች ራሳቸው መናገር የተዉአቸውን ቃላት ከጎናቸው ትንሽ መስቀል እያደረገ ይለያቸዋል፣ ሞተዋል ማለቱ ነው። እኔ እነሱን እየለቀምኩ ደብተር ላይ መገልበጥ ለመደብኝ። እመነኝ፣ አንጀት ይበላሉ! ኦቨርሞሮው የሚል ቃል ነበራቸው፣ ከነገ ወዲያ ማለት ነው፣ እሱን ጥለው ዛሬ በአራት ቃል ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ። ኤፕሪሲቲ ደግሞ በብርድ ወራት ፀሐይ ስትሞቅ ገላህ ላይ የሚሰማህ ሙቀት ነው። ዋንሆፕ፣ ተስፋ መቁረጥ። መስቀሉንም እንዳለ እገለብጠው ነበር፣ ጣጣውን ያመጣብኝ እሱ ነው።

አንድ ቀን የቀበሌው ካድሬ ቤት ለቤት ሲፈትሽ ደብተሩን አገኘና ጠርቶ አፋጠጠኝ።

«እነዚህ መስቀል ያደረግህባቸው እነማን ናቸው?»

«ቃላት ናቸው።»

«የሚገደሉ ጓዶች ዝርዝር ነው!»

«እነሱን የሚገድላቸው የለም፣ ድሮ ሞተዋል» አልኩት።

«የሞተ ቃል ምን ያደርግልሃል?»

«ሌላ የሚያነሳቸው ስለሌለ ነው።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ወረወረልኝ። «እስኪመሽ የእያንዳንዱን ትክክለኛ ስም ትጽፋለህ።»

«አንድም ስም ከእኔ አታገኝም» ስለው ከቢሮው አጠገብ ወዳለው የቀበሌው እህል መጋዘን ወሰዱኝ። በዚያ ሰሞን እዚያ መጋዘን ገብቶ የት እንደደረሰ ያልታወቀ ሰው ነበር፣ እኔም ይህን አውቅ ነበር፣ አልፈራሁም ብል ውሸት ነው። ግን ፍርሃቴ ወደ ንዴት ተለወጠ፣ ካድሬው ቢሮው ሆኖ እንዲሰማኝ ብዬ ክፍል ውስጥ እንደማስተምር ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቃላቱን በቃሌ ማንበልበል ጀመርኩ።

«ኦቨርሞሮው! ከነገ ወዲያ!»

ጠባቂው ጋሽ ሰይድ በሩን ቆረቆረ። «መምህር፣ ተው በአላህ፣ ታስፈጀናለህ!»

አልተውኩም። «ኤፕሪሲቲ!» ብዬ ትንፋሽ ስወስድ፣ ከኋላዬ ከግድግዳው በኩል፣ «የብርድ ወራት ፀሐይ» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ፣ የአምባሰል ሰው አነጋገር ያለው፣ ጉሮሮው የደረቀ ድምፅ። ከጎን የታሰረች ተማሪ ትሆናለች ብዬ ደስ አለኝ። «ዋንሆፕ!» አልኩ። «ተስፋ መቁረጥ» አለችና፣ የሚቀጥለውን ቃል እኔ ሳልጠራው እሷ ጠራችው፣ ከዚያም የሚቀጥለውን፣ በደብተሬ ቅደም ተከተል፣ አንዱንም ሳትስት! ደብተሩ ደግሞ ካድሬው ጠረጴዛ ላይ ነው።

«ማነሽ አንቺ?» አልኳት።

«መስቀል ያደረገብን ማን ነው?» አለች። «አልሞትንም።»

በሩ ተበርግዶ ካድሬው ሽጉጡን ይዞ ገባ። «ከማን ጋር ነው የምታወራው?» የእህሉን ጆንያ አገላበጠ፣ ከጆንያው ኋላ ሄዶ በእጁ ዳሰሰ፣ እኔም አብሬው ዳሰስኩ። የመጋዘኑ ጀርባ ግድግዳ እንኳ አይደለም፣ ተራራው ራሱ ነው፣ ቋጥኝ። ሰውዬው እጁን ከድንጋዩ ላይ ቶሎ አነሳ፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ውጣ» አለኝ።

«ደብተሬስ?» አልኩት፣ እንዴት አፌ እንደደፈረ እንጃ። ወርውሮልኝ ወጣሁ። አንድም ስም አልጻፍኩም።

ዓመታት አልፈው ሐይቅ ገበያ ላይ ጋሽ ሰይድን አገኘሁት። ሰላምታችንን እንደጨረስን ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ሴትዮዋ እንዴት ሆነች?»

«የቷ ሴትዮ?»

«አብራህ ስትጮህ የነበረችው ነቻ! አንተ ከሄድክ በኋላ ሦስት ቀን ተጣራች። አንድ ቃል ትላለች፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ዝም ትላለች፣ ደግማ ትላለች። ቁልፉ በእጄ ነበር፣ አልከፈትኩም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።»

ምን እንደምትል ስጠይቀው ግራ ቀኙን አይቶ ቃሉን ነገረኝ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው፣ እንግሊዝ አፉን እንደፈታበት አድርጎ። ደብተሬ ውስጥ የለም። መዝገበ ቃላቱንም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ አገላበጥኩ፣ መስቀል ካለባቸውም ከሌለባቸውም መካከል የለም።

ባለቤቴ ይህን ነገር ተወው ትለኛለች፣ አልተወውም፣ ካድሬው ያላስተወኝን ማን ያስተወኛል? ብቻዬን ስሆን ቃሉን ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ። ከዚያ እጠብቃለሁ። የምጠብቀው መልስ እንዲመጣ ይሁን እንዳይመጣ፣ እሱን አላውቅም።