አራት ጉርድ ፎቶ

ቢሊሴ ጉርድ ፎቶውን ገልብጣ ስሟን ልትጽፍ ስትል እስክሪብቶዋን አቆመች። መልሳ አየችው። ዩኒፎርሙ የእሷ ነው፤ ሹሩባውም የእሷ ነው። ፊቱን ግን አላወቀችውም።

ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነርቮቿ ላይ የሚያድገው እብጠት የግራ ጉንጯን ወደ ታች ጎትቶታል፤ ዓይኗንም እስከ ግማሽ ከድኖታል። ሐኪሞች ሁለት ጊዜ ቢቀንሱላትም ሁለቱንም ጊዜ ተመልሷል። ፎቶው ላይ ይህ ሁሉ የለም። አንድ በአንድ መረመረችው። የግራው ዓይን የቀኙ ግልባጭ ነው። የቀዶ ጥገናው ጠባሳ ጠፍቷል። ከእናቷ የወረሰችው የአገጯ ጥቁር ነጥብ እንኳ አልተረፈም።

«ፏ ብለሻል እኮ» አለች ጓደኛዋ ሀኒ። «ዝም ብለሽ ስጪ። ማን ያያል?»

የስምንተኛ ክፍል ፈተና መግቢያ ካርድ ላይ የሚለጠፈውን ፎቶ መምህርት ሸዋወርቅ የምትሰበስበው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ ነው። ያላመጣ አይመዘገብም። አሁን ሰባት ተኩል ሆኗል። ቢሊሴ ፎቶውን ከሚገባው በላይ አየችው፤ ወደደችውም። ከዚያ ደብተሯ ውስጥ ከተተችውና ወደ ፎቶ ቤቱ ባጃጅ ልትይዝ ወጣች። ሀኒ እያጉረመረመች ተከተለቻት።

ፎቶ አንሺው ጋሽ ጂብሪል ሙሽራውንም ተማሪውንም ኮምፒውተር ላይ ሳያሳምሩ አትመው አያውቁም። ለእሷ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ እንደደከሙ ነገሯት።

«ደስ ይበላት ብዬ ነው የኔ ልጅ።»

«አውቃለሁ ጋሼ። ፎቶው ላይ ያለችውን ልጅ ቆንጆ አድርገው ሠርተዋታል» አለች ቢሊሴ። «ግን ስምንት ዓመት የተማርኩት እኔ ነኝ። ፈተናው ላይም የምቀመጠው እኔ ነኝ።»

ጋሽ ጂብሪል የመጀመሪያውን ፎቶ ፈልገው ከፈቱ። ፊቷ ስክሪኑን ሞላው። እጃቸው እንደ ልማዱ ማውዙን ወደ ጉንጯ ወሰደ። ቢሊሴ ቀና ብላ አየቻቸው። ቀስ ብለው እጃቸውን አነሱ።

«ብርሃኑን ብቻ ላስተካክል?»

«ብርሃኑን ይችላሉ።»

አራቱ ፎቶዎች ታትመው ሲወጡ የአገጯን ነጥብ ፈለገች፤ ቦታው ላይ ነበር። የድሮዎቹን አራት ባንኮኒው ላይ ትታ፣ በአዲሶቹ ጀርባ ላይ ሙሉ ስሟን ጻፈች።

ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ ሀኒ ልታያቸው እጇን ዘረጋች። ቢሊሴ ስሙ የተጻፈበትን ወደ ታች፣ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ሰጠቻት።