የከባዱ ሳጥን ድምፅ

«ተይው፣ አትንኪው!» አለ አባቷ።

ልጅቷ እጇን ከአዲሱ ሳጥን ማዞሪያ ላይ አነሳች። ሄድፎኑ ገና ጆሮዋ ላይ ነው፤ ዘፋኟ ትንፋሿን ስትስብ እንኳ ይሰማል።

«አባዬ፣ እኩል አይደሉም እኮ። የአዲሱ ድምፅ ከፍ ይላል።»

«ትንሽ ነው።»

«ትንሽም ቢሆን...»

«ተይው አልኩሽ፣ ጆሮዬ።»

ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጆሮዬ ነው የሚላት። ያደገችውም በዚህችው የሥራ ክፍል ነው፤ በሽቦና በቦርድ መሀል፣ በባዶ እግሯ ሲሚንቶ ላይ እየተቀመጠች። ስንቴ ጉንፋን እንደያዛት! አባቷ የጠረጴዛ አምፕሊፋየር ይሠራል። ከኮምፒውተር የሚመጣውን ዘፈን አጥርቶ፣ ጉልበት ሰጥቶ ወደ ሄድፎን የሚልክ ሳጥን ነው። ከሁሉ በፊት ያስተማራትም ይኼንን ነበር፦ ሁለት አምፕ ስታወዳድሪ መጀመሪያ ድምፃቸውን በቴስተር ለክተሽ እኩል አድርጊ። ጆሮ ሞኝ ነው፣ ትንሽ ከፍ ያለውን ሁሉ «ይኼ ይሻላል» ይላል።

ዛሬ ግን ቴስተሩን ያነሳው የለም።

አሮጌው ሳጥን ከቀጭን ቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ሲያዩት የምሳ ዕቃ ይመስላል። አዲሱን ያሰበው አጎቷ ነው፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም። ወፍራም አሉሚኒየም፣ ፊት እስኪያሳይ የተወለወለ፤ ማዞሪያው በጣት ሲነካ የሚቀዘቅዝ፤ ከሥሩ ደግሞ ምንም ሥራ የሌለው የብረት ሰሌዳ አለው። ውስጡ ያለው ቦርድ ያው የአሮጌው ቦርድ ነው። ዋጋው ግን ሦስት እጥፍ።

«ብረቱ ለምንድነው?» ብላ ጠይቃው ነበር፣ ሲገጥም አይታ።

«ለክብደት ነዋ! ፋራ አትሁኚ። ሰው ሲያነሳው ክንዱ ካልደከመው ኪሱ አይፈታም።»

«ሳጥኑ ከውስጡ ዕቃ በዋጋ በለጠ እኮ» ብሎ አባቷ ራሱን ነቀነቀ።

«ታዲያ ቆርቆሮህን ማን ገዛው፣ ወንድም ጋሼ?»

ማንም አልገዛውማ። ያላቸውን ሁሉ በእነዚያ የሚያብረቀርቁ ሳጥኖች ላይ አፈሰሱት፤ አሁን ሳጥኖቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፣ ለመተላለፊያ እንኳ ቦታ የለም። ዛሬ የምትመጣው የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ባለቤት ካልወሰደቻቸው አባቷ ሩቅ አገር ያለ ፋብሪካ ውስጥ ይቀጠራል። ቤት የሚመጣው በዓመት አንዴ ነው። ይኼንን ለልጅቷ የነገራት የለም። እናትና አባቷ ማጀት ውስጥ ሲንሾካሾኩ ሰምታ ነው ያወቀችው። ከዚያን ቀን ወዲህ እህል በቅጡ አይወርድላትም።

ሴትየዋ መጣች። ፀጉሯ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ሳቅ የማይነጥፍባት ሴት ናት።

«ይግቡ እትዬ፣ በዚህ በኩል! ሽቦው እንዳይጥልዎት» እያለ አጎቷ ወንበር አራገፈላት።

ሴትየዋ ጉትቻዎቿን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ሄድፎኑ እንዳይጫናቸው። አዲሱን ሳጥን አነሳ ስታደርገው «ወይ ጉድ! ይኼስ የድንጋይ ወፍጮ ነው!» አለች። አጎቷ ልጅቷን ጠቀሳት።

«አሁን ዓይንዎን ጨፍነው ይስሙልኝ።»

«ዓይንሽን ጨፍኚ ላሞኝሽ እንዳይሆን ብቻ!»

ሁሉም ሳቁ። ልጅቷ አልሳቀችም። እሷ የተቀመጠችው መቀያየሪያው ጋ ነው፤ ወደ ግራ ሲሉት አሮጌው ይሰማል፣ ወደ ቀኝ ሲሉት አዲሱ። ወደ ግራ አደረገችው። ከዚያ ወደ ቀኝ።

«ኧረ ይኼኛው!» ሴትየዋ ዓይኗን እንደጨፈነች እጇን ዘረጋች። «መስኮት የከፈታችሁ ነው የመሰለኝ። ከበሮው እዚሁ አጠገቤ ነው!»

«አላልኩም?» አለ አጎቷ።

«ያላችሁን ሁሉ እወስዳለሁ። አንድ ልጅ አለ፣ በየሳምንቱ እየመጣ አልደረሰም ወይ እያለ ቁም ስቅሌን የሚያሳየኝ። ጊታሩን ሸጦ ነው የሚጠብቃችሁ።»

ልጅቷ አባቷን አየችው። አባቷ አውራ ጣቱ ላይ የደረቀ ሙጫ ይልጣል። ያስፈራት ይኼ ነው። ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ ትነግረው ነበር። እያወቀ ለሚያደርግ ሰው ምን ይነገረዋል?

«አንቺስ፣ የኔ ልጅ?» ሴትየዋ ወደ እሷ ዞረች። «አባትሽ ስለ ጆሮሽ ሲያወራ አይጣል ነው። የትኛው ይሻላል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለልጅ ይቀርባል? አዲሱ ብትል አባቷ ማታ ማታ ቤቱ ይገባል፤ ጫማውን በር ላይ ሲያራግፍ ትሰማዋለች። አንዲት ቃል ብቻ ናት። ያንን ጊታር የሸጠ ልጅ ደግሞ አታውቀውም፣ አይታውም አታውቅም። ምናለ ሴትየዋ ስለ እሱ ባታነሳ ኖሮ!

«አንዴ... አንዴ ይጠብቁኝ» አለች።

ቴስተሩን አነሳች። ጫፎቹን የሳጥኖቹ መውጫ ላይ አሳረፈች። ሁለቱን ቁጥሮች አስተያየች። ከዚያ የአዲሱን ሳጥን ማዞሪያ ወደ ኋላ መለሰችው፤ ከፀጉር ውፍረት አይበልጥም።

«ምን እየሠራሽ ነው?» አለ አጎቷ፣ ፊቱ እየሳቀ ድምፁ ሳይስቅ። «አታካብጂ እንግዲህ፣ ዕቃ ታበላሻለሽ!»

አባቷ ሙጫውን መላጥ አቆመ። አልከለከላትም። አልረዳትምም።

«አሁን ይስሙት» አለች ልጅቷ።

ሴትየዋ ዓይኗን ጨፈነች። ልጅቷ መቀያየሪያውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ እንደገና ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ አደረገችው። የሴትየዋ ሳቅ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ፤ ግንባሯ ተቋጠረ።

«ቆይ... አሁን የሚሰማኝ የቱ ነው?»

«አዲሱ ነዋ፣ እትዬ!» አለ አጎቷ ፈጥኖ።

ሴትየዋ ዓይኗን ገለጠች። አጎቷን አላየችውም። ያየችው ልጅቷን ነው።

ከሄድፎኑ ጥግ የሚያመልጠው ቀጭን ዘፈን ብቻ ይሰማል።

«አሮጌው ነው» አለች ልጅቷ። ቀና ብላ አባቷን ለማየት ግን አቅም አጣች።